ዘይት የሌለው ጎመን

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጁ እንዳይወፍርብኝ ብዬ ዘይትና ቅቤ ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ጎመኑንም በውኃ ቀቅዬ ነው የምበላው። ይጎዳናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ዛሬውኑ ተይው። በጎመንሽ ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ያለ ስብ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ዲ፣ ኢ እና ኬም እንደዚያው። የልጅሽ አንጎልና ዓይን የሚገነቡበት ዲኤችኤ የሚባለው ስብ ደግሞ በብዛት የሚከማቸው በእነዚህ በቀሩሽ ሦስት ወራት ነው፤ የሚወስደውም ካንቺ ነው። እዚህ ደሴ እንዳንቺ ፈርተው ሽንኩርቱን በውኃ ብቻ የሚያቁላሉ እናቶች፣ ክብደታቸው አልጨምር ሲል አይቼ አንጀቴ ተላውሷል። ጎመኑ ላይ አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ጨምሪበት። የሐይቅ ዓሣ ካገኘሽ በደንብ አብስለሽ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ብዪ። በክትትልሽም ቀን ይህንኑ ለአዋላጇ ንገሪያት፣ ክብደትሽንም ተመዘኚ።