መልስ፦ ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ መረጃ በድምፅ መላክ ይቻላል ወይ?

ይቻላል ወንድሜ። አቃቂ ማዶ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ የሙቀት ሴንሰርህን ስታጠልቀው ዋይፋዩ ድርግም ያለብህ ሞጁሉ ስለተበላሸ አይመስለኝም። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ውሃ ብዙም ሳያስኬድ ውጦ ያስቀረዋል። ድምፅ ግን ውሃ ይስማማዋል። በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ላይ ከሚሄደው ከ4 እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ሐሳቡ ከባድ አይደለም። መረጃው የ0 እና የ1 ድርድር ነው፤ ለ0 አንድ ድምፅ፣ ለ1 ደግሞ ቀጠን ያለ ሌላ ድምፅ ትመድባለህ። ፒዞው (ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ቁራጭ) ያሰማል፣ ማዶ ያለው ሃይድሮፎን (የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን) ያዳምጣል።

ጣጣው የገደል ማሚቶው ነው። አባ ሳሙኤል ደለል የሞላው ሐይቅ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ድምፁ ከላይ ከውሃው ገጽ፣ ከታች ከወለሉ እየነጠረ ደጋግሞ ይደርሳል። የመጀመሪያው ቢት (አንዱ 0 ወይም 1) አስተጋብቶ ሳያበቃ ሁለተኛው ከች ይላል። ከዚያ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። መፍትሔው ረጋ ብሎ መላክ ነው። ናቶ በ2017 ያጸደቀው ጃነስ የተባለው የውሃ ውስጥ የድምፅ መልእክት ስታንዳርድ እንኳ መነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 80 ቢት ገደማ ነው። ፎቶ ልላክ ካልክ እርሳው፤ ለሙቀት ንባብ ግን ይተርፋል።

ለመኪና ፓርኪንግ የሚሸጠውን አልትራሶኒክ ሴንሰር ግን እንዳትገዛ። ለአየር ነው የተሠራው።

እውነቱን ልንገርህ? ለአንድ ሴንሰር ይህ ሁሉ ድካም አያዋጣም። የዋይፋይ ማሰራጫውን ባዶ ጀሪካን ላይ አስረህ አንሳፍፈው፣ ወደ ሴንሰሩ ገመድ አውርድ። እምቦጩ እንዳይጎትትብህ ብቻ ከድንጋይ ጋር አጥብቀህ እሰረው።