የቅርጫት ኳስ አነፋፍና አያያዝ፦ ጥያቄና መልስ

የሰፈር ልጆች ማሰልጠን ከጀመርኩ ወዲህ የኳስ ሐኪም ሆኛለሁ። «ጠይቁኝ» ብዬ የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ኮች፣ ስንት ድረስ ልንፋት?
መልስ፦ ቫልቩ (አየር የሚገባበት ቀዳዳ) አጠገብ ተጽፎልሃል፤ አብዛኞቹ ላይ ከ7 እስከ 9 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት አሃድ) ይላል። እኔ 8 ላይ አቆማለሁ።

ጥያቄ፦ መለኪያ የለኝም።
መልስ፦ ግድግዳ ላይ 1.80 ሜትር በጠመኔ ምልክት አድርግ። የኳሷን ሥር እዚያ አስተካክለህ፣ ሳትገፋ ልቀቃት። ነጥራ አናቷ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ከደረሰ በቂ ነው። ሲሚንቶ ላይ ሞክር፤ አፈር ይዋሽሃል።

ጥያቄ፦ ጎሚስታ ጋ ባስነፋትስ?
መልስ፦ ተይ እህቴ። የመኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ አካባቢ ይሞላል፤ በዚያ ኮምፕሬሰር 8 ላይ ማቆም ከባድ ነው። እኔም አንዴ ቸኩዬ አስነፍቼ ጎኗ ላይ የግማሽ ሎሚ ያህል እብጠት ወጣ። ያበጠች ኳስ አትድንም፤ ውስጧ የተጠመጠመው ክር ተበጥሷል። የእጅ መንፊያ ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ በነፋኋት ማግስት ትተነፍሳለች።
መልስ፦ የመንፊያውን መርፌ ደረቁን ነው የምትከተው አይደል? ብዙ ኳስ የሚሞተው በዚህ ነው፤ ደረቅ መርፌ የቫልቩን ጎማ ይቀደዋል። መርፌውን ግሊሰሪን ቀባው፣ ቫልቩም ላይ ጠብ አድርግ፣ ከዚያ ቀጥ አድርገህ ቀስ እያልክ አስገባ። ምራቅም ይሠራል (ያደግነው በሱ ነው)፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ስትጨርስ ቫልቩን የሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋ ከደፈቀ የሚያፈሰው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነፍተን ድሬዳዋ ስንደርስ ለሰለሰች። ሙቀት አያጠነክራትም እንዴ?
መልስ፦ ያጠነክራታል። ግን ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል የውጭው አየር አይሎ ይጫናታል፤ ሙቀቱ ያንን አያካክስም። በእኔ ስሌት 8 የነበረችው ወደ 7 ትወርዳለች። እዚያ የሞላችኋት ደግሞ እዚህ ስትመጣ ድንጋይ ትሆናለች፤ ትንሽ አስተንፍሷት።

ጥያቄ፦ በምን ልጠባት?
መልስ፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ ጨርቅ። በረኪና አይንካት፤ ጥላ ላይ ትድረቅ። እውነተኛ ቆዳ ከሆነች ግን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋት እንጂ ውሃ ውስጥ አትንከራት። እሷ አስፋልት ላይም አትወጣም፤ የጣውላ ወለል ኳስ ናት።

ጥያቄ፦ ልጄ በእግሩ እየለጋ አስቸገረኝ፤ ይጎዳታል?
መልስ፦ ይጎዳታል እናቴ። የእግር ኳስ ይግዙለት።