መልስ፦ ግሪን ካርድ ይዞ የአሜሪካ ጦር የገባ ልጅ ቢሞት ለእናቱ ምን ይደርሳል?

ሰላም ወንድሜ። ወንድምህ ግዳጅ ላይ ቢሞት አገር ቤት ያሉት እናታችሁ ምን ያገኛሉ ብለሃል። አብዛኛው የሚወሰነው እሱ በሕይወት ሳለ በሚሞላው ወረቀት ነው።

ዲዲ 93 በሚባለው ቅጽ የ100,000 ዶላሩን የሞት ክፍያ ማን እንደሚወስድ ይጽፋል፤ የቀብሩን ነገር የሚወስነው ሰውም እዚያው ይሰየማል። የሕይወት ኢንሹራንሱ ግን ለብቻው ነው፤ ጣሪያው ከ2023 ጀምሮ 500,000 ዶላር ሲሆን ተጠቃሚው በሌላ ቅጽ ይመዘገባል። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት ነው ቤተሰብ የሚያጣላው። የሞት ክፍያው ላይ ማንንም ካልሰየመ ሚስት ትቀድማለች፣ ከዚያ ልጆች፣ ወላጆች ከእነሱ በኋላ ናቸው።

ዜግነት ሳያገኝ በጦርነት ወቅት በአገልግሎት ላይ በደረሰበት ጉዳት ከሞተ፣ ቤተሰቡ ኤን-644 በሚባለው የኢሚግሬሽን ቅጽ ዜግነት ሊጠይቁለት ይችላሉ። ክፍያ የለውም፤ ግን በሞተ በ2 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ከተፈቀደ እናትየው ለግሪን ካርድ መንገድ የሚከፍተውን አይ-360 የተባለ ማመልከቻ ራሳቸው ያስገባሉ፤ እሱም የ2 ዓመት ገደብ አለው።

የእኛ ሰው ጉዳይ የሚጓተተው ስም ላይ ነው። የእናት የአባት ስም ከልጁ ስለማይገጥም ዝምድናውን የሚያሳየው የልደት ሰርተፊኬቱ ነው፤ የእናታችሁ ስም እዚያ ላይ ልክ እንደ ፓስፖርታቸው መጻፉን ከአሁኑ እዩት።