ቆጠራውን ለእነሱም አሳያቸው

ወንድሜ፣ የጅማ በርጩማ በኦንላይን ልትሸጥ ነው። በሊንክ ገዢ ለሚያመጡልህ ልጆች ኮሚሽን ልትከፍል አስበህ «እንዳያጭበረብሩኝ ምን ላድርግ?» ብለሃል። ጥያቄህ ልክ ነው። ግን እነሱም ስለ አንተ ይህንኑ እያሰቡ ነው።

እኔ በእነሱ በኩል ነበርኩ። ለአንድ ሻጭ ወር ሙሉ ገዢ ሳመጣ ቆየሁ። ሒሳብ ሲደርስ «ካንተ የመጣው ሁለት ሰው ብቻ ነው» ተባልኩ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ግን ማረጋገጫ አልነበረኝም። ተውኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጅማ ሄርማታ መርካቶ ገበያ ውስጥ ደላላው ገዢ ይዞ ሲመጣ ሻጩ በዓይኑ ያያል። በኢንተርኔት ግን ምስክሩ ኩኪ ነው፤ ገዢው በማን ሊንክ እንደመጣ የምታሳይ፣ በብራውዘሩ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ምልክት። ኩኪዋ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ አስቀድመህ ንገራቸው። የአማዞን በመደበኛው 24 ሰዓት ነው። ገዢው ሊንኩን ሳይነካ ኩኪ የሚተክሉ አጭበርባሪዎችም አሉ። የኦንላይን ገበያው ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄዷል።

አንተ በቴሌግራም ስለምትሸጥ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ኮድ ብትሰጥ ይሻላል። ገዢው ሲያዝ ኮዱን ይናገር። ዝርዝሩን በየሳምንቱ ላክላቸው፤ የገዢውን ስልክ ግን አትጨምር። ትዕዛዝ ከተሰረዘ ምክንያቱን ጻፍ። የተመለሰ ዕቃ ለማጣራት ኮሚሽኑን ጥቂት ቀን መያዝ ትችላለህ፤ የመክፈያ ቀኑን ግን ቁረጥና አትለፈው። በቴሌብር ስትከፍል ደረሰኙን አስቀር።

ለጊዜው በሁለት ልጆች ጀምር።