እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፦ ስለ ታካኤዙ ትልልቅ ሸክላዎች

ጥያቄሽን ላላዩት በአጭሩ ላስቀምጠው። እናትሽ ከአገር ቤት ለጥቂት ወራት መጥተዋል። በልጅነታቸው አያትሽን ሸክላ ሥራ ያግዙ ነበር፤ ስለዚያ ዘመን ግን ማውራት አይወዱም። ከተማሽ ሙዚየም ደግሞ የአሜሪካዊቷ ሸክላ ሠሪ የቶሺኮ ታካኤዙ ኤግዚቢሽን መጥቷል፤ መነሻቸው ባሕር፣ ተራራና እሳተ ገሞራ የሆነ ትልልቅ ሸክላዎች። "ልውሰዳቸው ወይስ ቅር ይላቸዋል? ደግሞስ እንስራና ማሰሮ ሲያዩ ላደጉ ሰው ይሄ ምኑ አዲስ ነው?" ነው ያልሽው።

ውሰጃቸው። ይህንኑ ኤግዚቢሽን በፈረንጆቹ 2024 ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ በሚገኘው ኖጉቺ ሙዚየም ሲከፈት አይቼዋለሁ፤ አብረውኝ የነበሩት ሸክላ ከሚሠራበት ቤት ያደጉ አክስቴ ናቸው። እኔም ሰፈሬ ባለ ስቱዲዮ ማታ ማታ ጭቃ ስነካካ ዓመታት ስላስቆጠርኩ የምነግርሽ ከሁለቱም ያገኘሁትን ነው።

ስለ ሴትዮዋ ትንሽ ልበልሽ። ታካኤዙ በ1922 ሃዋይ፣ ፔፔኬኦ በምትባል የሸንኮራ እርሻ መንደር፣ ከኦኪናዋ ከተሰደዱ ቤተሰቦች ተወለደች። ክራንብሩክ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፊንላንዳዊቷ ማይያ ግሮቴል ተማረች፣ ኋላም ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከ1967 እስከ 1992 አስተማረች። በ2011 አረፈች። ሸክላ መሥራት፣ ምግብ ማብሰልና አትክልት መትከል በእሷ ሕይወት ልዩነት እንደሌላቸው ትናገር ነበር። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው "ታዲያ ምን ልዩነት አለው?" አሉኝ። እናትሽም ሳይሉ አይቀሩም።

አሁን ወደ ዋናው። አክስቴ አንድ ሰማያዊ ትልቅ ሸክላ አጠገብ ቆሙና ጣታቸውን አጥፈው ሊያንኳኩት እጃቸውን ሰነዘሩ። ጥበቃው ፈጠን ብሎ መጣ። እሳቸው ደግሞ ተቆጡ፦ "ሳላንኳኳውማ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?" እውነታቸውን ነው፤ ገበያ ላይ ማሰሮ የሚገዛው ተንኳኩቶ፣ ድምፁ ተሰምቶ ነው። ስተረጉምለት ጥበቃው ሳቀ፣ ግን አልፈቀደም። ቀጥለው ዞሩትና "አፉ የታለ?" አሉ። የለውም አልኳቸው። "ምን ሊቀመጥበት?" ምንም። "ምንም ላይቀመጥበት ይህን ሁሉ ማገዶ ፈጀች?"

እንግዲህ የኤግዚቢሽኑ ቁልፍ እዚሁ ላይ ነው። የታካኤዙ ዋና ሥራዎች አፋቸው የተዘጋ ነው። ጫፋቸው ላይ በተኩስ ጊዜ፣ ማለት ሸክላው ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል፣ እንፋሎቱ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ትቀራለች። አፍ ሲዘጋ ዕቃነቱ ይቀራል፤ ዙሪያውን በሙሉ ለቀለም ይለቀቃል። አንዳንዶቹ ከራሷ ቁመት ይበልጣሉ፤ ለእነዚህ የሚበቃ ምድጃ ፍለጋ ኒው ዮርክ ግዛት ወዳለው ስኪድሞር ኮሌጅ ትሄድ ነበር።

ቁመቱ ለምን እንደሚያስደንቅ ጭቃ ላልነካ ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ እናትሽ ግን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ታችኛው ግድግዳ ጠንከር ሳይል ላዩ ላይ ብትቀጥይበት በራሱ ክብደት ይተኛል። አብዝቶ ከደረቀ ደግሞ አዲሱን ጭቃ አልይዝም ይላል። ስለዚህ ይሠራል፣ ይሸፈናል፣ ያድራል፣ እንደገና ይቀጠላል። አክስቴ አንዱ ሸክላ ወገብ ላይ በጭራሽ ያላየሁትን ደብዛዛ መስመር በአገጫቸው እያሳዩኝ "እዚህ ጋ አሳድራዋለች" አሉ። አጠገቡ በተለጠፈው የማብራሪያ ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም። ያን ሁሉ ዓመት ስቱዲዮ ተመላልሼ አንድም አስተማሪ ግድግዳ እንዲህ ሲያነብ አላየሁም።

ከዚያ ተኩሱ አለ። ጭቃ ከእርጥቡ እስከ ተተኮሰው ከመቶ አሥር እጅ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሁለት ሜትር ያቆምሽው ሃያ ሳንቲሜትር ያህል ያጥራል፣ እኩል ካላጠረ ደግሞ ይሰነጠቃል። ወፍራም ግድግዳ ውስጥ የቀረ እርጥበት 100 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎት ይሆንና ያፈነዳዋል። ብዙ ሰው "አየር ስለነበረው ነው የፈነዳው" ይላል፤ የሚያፈነዳው ግን ውኃው ነው። 573 ዲግሪ ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በድንገት መጠኑን ስለሚለውጥ እዚያም ሲወጣም ሲወርድም ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ስቶንዌር የሚባለው የእሷ ዓይነት ሸክላ 1,300 ዲግሪ አካባቢ ሲተኮስ፣ በኩበትና በጭድ የሚተኮሰው የእኛው አብዛኛውን ጊዜ 1,000 አይሞላም። ይሄን ለክፉ አላነሳሁትም፤ በዚያ እሳት ጋን የሚያህል ዕቃ ሳይሰነጠቅ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

መልክዓ ምድሩን በተመለከተ፣ ተራራ የሚመስል ተራራ እንዳትፈልጊ። ለምሳሌ ረዣዥምና ቀጫጭን ሆነው ተሰብስበው የቆሙ ሥራዎች አሏት። መነሻቸው በሃዋይ ኪላዌያ ኢኪ በ1959 ሲፈነዳ እሳቱ እስከ 580 ሜትር ተስፈንጥሮ ፍርስራሹ የቀበረው ጫካ ነው። ከዛፎቹ የቀረው ራቁት ግንድ ብቻ ነበር። ታካኤዙ ያቆመችው እንግዲህ ያንን ነው፤ ቅጠልም ቅርንጫፍም የለም፣ ግን በመካከላቸው ስታይ የተቃጠለ ጫካ ውስጥ እንደቆምሽ ይገባሻል። በሸክላ ተራራ ቀርጾ፣ ላዩ ላይ ዛፍ ተክሎ የሚያቀርብ ሥራ ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ለኔ የሳሎን ጌጥ ነው። ዌይን ሂግቢ የሚባለውን ሸክላ ሠሪ፣ የኮሎራዶ ልጅ፣ ግን ከዚያ አውጪልኝ። እሱ ገደሉንና ውኃውን በግልጽ ያሳያል፣ ያም ሆኖ ይሳካለታል።

የሷ ሰማይና ባሕር ያለው ቀለሙ ላይ ነው። ግሌዙን፣ ማለት ተኩስ ላይ ቀልጦ መስታወት የሚሆነውን ሽፋን፣ ሸክላውን እየዞረች ታፈስሰዋለች፣ በብሩሽም ትጎትተዋለች። የወረደው እንደወረደ ይቀራል። አንድ ፊት ላይ ጥቁርና ቡናማ ሆኖ ዞር ስትዪ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ይጠብቅሻል። ፊትና ጀርባ ስለሌለው ሙሉውን ካልዞርሽው አላየሽውም፤ ፎቶ ላይም አይገባም። እናትሽ ቸኩለው ወደሚቀጥለው ክፍል ካለፉ እጃቸውን ይዘሽ አንዱን ብቻ አዙሪያቸው።

ጨረቃ የምትላቸው ክብ ሥራዎችም አሉ፤ እነዚህን ከዛፍ ወይም ከምሰሶ በተወጠረ መረብ ላይ ታስተኛቸው ነበር። አክስቴ "ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ነበር የማውቀው፣ ይሄ ደግሞ በመረብ!" ብለው ሥዕል ቤቱን አሳቁት።

ድምፁንም እንዳትረሺ። ሸክላውን ከመዝጋቷ በፊት በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ የጭቃ ቁራጭ ውስጡ ትጥል ነበር። ወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ይነድዳል፣ ቁራጩ ይቀራል፣ ሲነቀነቅ ይንኳኳል። ከኤግዚቢሽኑ አዘጋጆች አንዷ ሌይለሁዋ ላንዚሎቲ የሙዚቃ ደራሲ መሆኗ ያለ ምክንያት አይደለም። መንካት ስለማይቻል ኩዊንስ ላይ ድምፁን ያሰሙን በቪዲዮ ነው። አክስቴ እሱ ፊት ከሁሉም በላይ ቆዩ። የተከለከሉትን ማንኳኳት ሌላ ሰው ሲያደርግላቸው መሰለኝ።

ቅር ይላቸዋል ወይ ላልሽው፦ ይሄን በጥንቃቄ ያዢው። ባገራችን ጀበናውን ገዝቶ ቡና እያፈላበት ሠሪዋን ቡዳ ናት የሚል ሰው ሞልቶ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። እናትሽ ዝም ያሉት ለዚህ ከሆነ በር ላይ "እማዬ፣ ያንቺ ሙያ እኮ ነው!" ብለሽ አታሸማቅቂያቸው። ካርዱንም አታንብቢላቸው። አጠገባቸው ሁኚና ጠይቂያቸው፦ ይሄን እንዴት አቆመችው? የቱ ጋ ቀጠለችው? አክስቴ በሕይወቴ ነግረውኝ የማያውቁትን፣ ገል ተወቅጦና ተነፍቶ ከአፈሩ ጋር እንዴት እንደሚለወስ፣ ለጋንና ለምጣድ መጠኑ እንዴት እንደሚለያይ፣ የነገሩኝ ያን ቀን ባቡር ውስጥ ነው። ጠያቂ እኔ፣ አዋቂ እሳቸው ስለሆኑ ይመስለኛል። እርግጥ የሰው ልብ ይለያያል፤ አልፈልግም ካሉ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ እጃቸው ካማራቸው፣ ብዙ ከተማ ውስጥ ለአንድ ቀን ከፍለሽ የምትገቢበት የሸክላ ስቱዲዮ ታገኛለሽ። ጭቃ እየዞረ የሚቀረጽበት መንኮራኩር ላይ አታስቀምጪያቸው፣ የእኛ ሴቶች ያለሱ ነው የሚሠሩት፤ ጠረጴዛና ጭቃ ይበቃቸዋል። ጭቃውን ስትገዢ ግሮግ ያለበትን ጠይቂ፣ ማለትም የተፈጨ ገል የተቀላቀለበትን። ለስላሳውን ካቀረብሽላቸው ገና አንዴ ሲጨብጡት "ይሄማ አይቆምም" ብለው ይመልሱልሻል።