ኩላሊቴ ነው ኩላሊቴን የሚያመኝ?

ጥያቄው የመጣው ለገሃር አካባቢ ከምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ቀን ደህና ነኝ። ማታ ጎኔን ላሳርፍ ስል ግን ከወገቤ ከፍ ብሎ በቀኝ በኩል ሕመም ይጀምረኛል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ‹ስተኛ ኩላሊቴን ያመኛል› አልኩት። ‹ኩላሊት መሆኑን በምን አወቅሽ?› ብሎ ሳቀብኝ። ቢሮ ገብቼ ይህንኑ ሳወራ ደግሞ ጓደኛዬ ‹ኩላሊቴን አይባልም፣ ኩላሊቴ ያመኛል ነው› ብላ አረመችኝ። አማርኛዬ ነው ወይስ ጀርባዬ የታመመው?»

ጋሼ ካልሽኝ አንቺ ልበልሽ። ከጓደኛሽ ልጀምር፣ የሷ ይቀላል።

«ኩላሊቴን ያመኛል» ልክ ነው። ጓደኛሽ «የሚያመው ኩላሊቱ ስለሆነ ባለቤቱ እሱ ነው፣ ባለቤት ደግሞ ‹ን› አይወስድም» ብላ አስባ ይሆናል። ሐሳቡ አይናቅም፣ ግን አማርኛ ሕመምን እንዲያ አያየውም። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ» ስንል ራቢው ማነው? ማንም። ግሱ ስም የሌለው «እሱ» ይዞ ይመጣና እኔ ላይ ያርፋል። «አመመኝ»ም የዚያው ዘመድ ነው። የሚያመው አንቺን ነው፣ ኩላሊቱ የሚያምሽ ቦታ ነው፣ ለዚህ ነው «ን» የሚጨመርበት። አላምንም ካለች ብዙ ቁጥር ስጪያት፦ «እግሮቼን ያመኛል» እንላለን፣ ግሱ ነጠላ እንደሆነ ይቀራል። እግሮቹ ባለቤት ቢሆኑ ኖሮ «ያሙኛል» ማለት ነበረብን፣ ያን ጊዜ ደግሞ እግሮችሽ ቡና አፍልተው ሐሜት የያዙብሽ ይመስላል። (ወረቀት ላይ «ያማል» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ማ»ን ካጠበቅሽው ሕመም፣ ካላላሽው ሐሜት። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላት ስለማያሳይ ስንቱን እንገምታለን።)

ቢሆንም «ወገቤ ያመኛል» የሚል ሰው ሞልቷል፣ ታክሲ ውስጥ ትሰሚዋለሽ። እዚያ «ወገቤ» የወሬው መነሻ ነው፣ «ወገቤማ፣ ያመኛል» እንደማለት። ጽሑፍ ላይ ሳገኘው አልሰርዘውም። ትክክለኛውን ስህተት ነው ብሎ ማረም ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሐኪሙ። እሱ የሳቀው በሰዋስውሽ አይደለም።

እኛ አዲስ አበቤዎች ዘንድ ኩላሊት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ደም አጣርቶ ሽንት የሚያወጣው የሆድ ዕቃ፣ ሌላው ደግሞ ሰው እጁን ወደ ኋላ አዙሮ «እዚህ ጋ» እያለ የሚያሳየው ቦታ። «ብርድ ኩላሊቴን መታኝ» የሚለው ሰው ስለ ደም ማጣሪያው እያወራ አይደለም። ጀርባውን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቷ ይበርዳል፣ ስለዚህ ብርድን መክሰስ ይቀናናል። ሐኪሙ ግን «ኩላሊት» ሲባል የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ባሰ ደግሞ «ኩላሊት አለብኝ» የምንል ሰዎች ነን፣ «ስኳር አለብኝ»፣ «ጨጓራ አለብኝ» እንደምንለው። ኩላሊትማ ሁላችንም አለን፣ ያውም ሁለት ሁለት! «አለብኝ» ላይ ያለችው «ብ» ናት ጤነኛውን ዕቃ በሽታ ያደረገችው። «አለኝ» እና «አለብኝ» መካከል ያለውን ርቀት ለውጭ አገር ሰው አስረድቼ አላውቅም፣ ሁሌም በምሳሌ ነው የምወጣው።

ኩላሊት የት ነው ካልሽ፣ ብዙ ሰው ከሚያስበው ከፍ ይላል። ከኋላ፣ በአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው። የቀኙ በጉበት ምክንያት ትንሽ ዝቅ ይላል። ቀበቶ የምትታጠቂበት ቦታ ኩላሊት አይደለም፣ እሱ ወገብ ነው። በጎድንና በዳሌ መካከል፣ ከጎን በኩል ያለው ደግሞ «ጎን» ነው። «ሽንጥ» የሚባል ጥሩ ቃልም ነበረን። ዛሬ ፒያሳ ልኳንዳ ቤት ካልገባሽ ብዙም አትሰሚውም፣ ለሰው የተረፈው «ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ» ላይ ነው። ሐኪም ፊት «ሽንጤን» ብትዪ ቁርጥ ያዘዝሽ ይመስለዋል፣ ተይው።

ቃሉ ራሱ የጥንት ነው። ግእዙ «ኵልያት» ይላል፣ ዕብራይስጡም ዓረብኛውም ከዚያው ሥር የወጣ ቃል አላቸው። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው «ልብና ኩላሊትን የሚመረምር» ሲባል ሰምቷል። እዚያ ኩላሊት የሰው ስውር ሐሳብ ማደሪያ ነው። ማታ ማታ የሚያምሽ እሱ ከሆነ ሐኪሙም አይረዳሽም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ስተኛ» ያልሽው ነው። «ተኛ» ብዙ ሥራ የተጫነበት ግስ ነው። አልጋ ላይ ተጋደመ ማለት ነው፣ እንቅልፍ ወሰደው ማለት ነው፣ «ሆስፒታል ተኛ» ሲባል ደግሞ ለሕክምና አልጋ ያዘ ማለት ነው። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ሕመሙ የሚመጣው ገና ስትጋደሚ ነው ወይስ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሻል የሚለውን ነው። ለመጀመሪያው «ጋደም ስል» በይ። በጀርባሽ ከሆነ «ስንጋለል»፣ በጎንሽ ከሆነ «በቀኝ ጎኔ ስጋደም»። ሌሊቱን ሙሉ ከሆነ ደግሞ «ሲያመኝ ያድራል» የሚል ድንቅ አማርኛ አለሽ። ልብ በይ፣ አዳሪውም ያ ስም የለሽ «እሱ» ነው፣ አንቺማ የት ታድሪያለሽ!

የሕመሙን ዓይነት ለመናገርም ግስ አላጣንም። «ይወጋኛል» ሌላ፣ «ይጠዘጥዘኛል» ሌላ። «ሰቅዞ ይይዘኛል» ስትዪ ትንፋሽ የሚያሳጣ ነው። «እግሬ ድረስ ይነዝረኛል» ካልሽ ሐኪሙ ወዲያው ስለ ነርቭ ማሰብ ይጀምራል። «ያመኛል» ብቻ ብሎ ዝም ማለት ይህን ሁሉ ሀብት መጋዘን ቆልፎ መውጣት ነው።

እኔ የቋንቋ ሰው ነኝ፣ መድኃኒት አላዝም። ይህን ያህል ግን ይታወቃል፦ ስትገላበጪ የሚብስ ወይም የሚሻል ሕመም ብዙውን ጊዜ የጡንቻና የአከርካሪ ነው። የኩላሊት ጠጠር ግን እንዴትም ብትጋደሚ አይሻልሽም፣ እየመጣ እየሄደ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ሰውን ያንቆራጥጣል። ትኩሳት ካለሽ፣ «ብርድ ብርድ ካለሽ»፣ ሽንትሽ ካቃጠለሽ ወይም ደም ካየሽበት የኔን መልስ ሳትጠብቂ ሂጂ። እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለሽ ደግሞ በዚያው ሌሊት። በነገራችን ላይ «ብርድ መታኝ» እና «ብርድ ብርድ አለኝ» አይምታታብሽ። የመጀመሪያው የራስሽ ግምት ነው፣ ሁለተኛው ግን ለሐኪሙ ምልክት ነው፣ እሱን አትርሺ።

ስለዚህ ተመልሰሽ ስትሄጂ እንዲህ በይው፦ «ማታ በጀርባዬ ጋደም ስል፣ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ከኋላ በኩል ይጠዘጥዘኛል፣ ስገላበጥ ትንሽ ይተወኛል።» ኩላሊት የሚለውን ስም እሱ ያውጣለት።

«ኵላሊት» ወይስ «ኩላሊት» ብለሽም በግርጌ ጠይቀሽኛል። የጥንቱ «ኵ» ነው፣ እኔ ግን ስልኬ ላይ ቶሎ ስለማላገኘው «ኩ» እጽፋለሁ።