የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ለሌላ ፓርቲ ደጋፊ ይከፈት?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ቨርጂኒያ ሳለሁ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚያስመርጡበት የቅድመ ምርጫ ቀን የፈለግኩትን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ጠይቄ እመርጥ ነበር። ወደ ሜሪላንድ ከተዛወርኩ ወዲህ ግን የፓርቲ አባል ሆነው አልተመዘገቡም ተብዬ ተመለስኩ። ይህ ተገቢ ነው? ቅድመ ምርጫስ ለሁሉም ክፍት መሆን የለበትም?

መልስ፦ ያጋጠመዎት የሁለቱ ግዛቶች ሕግ ልዩነት ነው። ቨርጂኒያ መራጮቿን በፓርቲ ስለማትመዘግብ ማንኛውም መራጭ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት መርጦ ድምፅ ይሰጣል፤ ሜሪላንድ ግን የዴሞክራቶችንና የሪፐብሊካኖችን ቅድመ ምርጫ በየፓርቲው ለተመዘገቡት ብቻ ትፈቅዳለች።

ተገቢነቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ መራጩ ሁሉ ከየፓርቲው ዕጩ እንዲመርጥ ያወጣችውን ሕግ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሽሮታል፤ ምክንያቱም ፓርቲ በዓላማ የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር እንደመሆኑ፣ ወኪሉን የማያምኑበት ሰዎች እንዲመርጡለት ማስገደድ የመደራጀት መብትን ይጥሳል። ይኸው ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በኮነቲከት ጉዳይ፣ ፓርቲው ራሱ በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገቡትን ልጋብዝ ካለ ግዛቱ ሊከለክለው እንደማይችል ወስኗል።

እኔም መስመሩን እዚሁ ላይ አሰምረዋለሁ። የቅድመ ምርጫው ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከሕዝብ ገንዘብ ነው፤ እርስዎ በሚኖሩበት አካባቢ እንደሚታየው አንዱ ፓርቲ በገነነበት ቦታ ደግሞ ቅድመ ምርጫውን ያሸነፈ ወንበሩን እንደያዘ ይቆጠራል። ስለዚህ ያልተመዘገበው ሰው ከደጅ መቅረቱ ያሳዝነኛል። በሌላ ፓርቲ የተመዘገበው ግን የራሱ ፓርቲ ዕጩ የሚመርጥበት ቦታ አለው።

ይህን አቋሜን በብርቱ የሚፈትነው የሚሲሲፒ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ሴናተር ታድ ኮክራን በሪፐብሊካኖች ቅድመ ምርጫ የመለያ ዙር ሊሸነፉ ሲሉ፣ ዘወትር ዴሞክራቶችን የሚመርጡ ብዙ ጥቁር መራጮች ወጥተው ረድተዋቸው አሸነፉ፤ ተፎካካሪያቸው ውጤቱን የወሰኑት ዴሞክራቶች ናቸው ብለው አምርረው ተቃወሙ። እነዚያ መራጮች ግን ለተንኮል አልወጡም፤ በግዛታቸው የሪፐብሊካኑ ዕጩ ማሸነፉ የማይቀር በመሆኑ፣ ከሁለቱ የሚሻላቸውን መምረጣቸው ነበር። እንዲህ ላለው መራጭ መፍትሔው ፓርቲ መቀየርን ቀላል ማድረግ ይመስለኛል።

እርስዎም የሚቀጥለው ምርጫ የመመዝገቢያ ጊዜ ሳያልፍ ፓርቲ መርጠው ይመዝገቡ፤ ምዝገባው በኖቬምበሩ አጠቃላይ ምርጫ ለሌላ ፓርቲ ዕጩ ድምፅ ከመስጠት አይከለክልዎትም።